አንቀጽ 29 የተጻፈው ለማን ነው?

ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ክርክር ተነሥቶ አንዲት ልጅ ከእምነቷ ተነሥታ ብዙዎቻችን ያልወደድነውን ሐሳብ ተናገረች። አላስጨረስናትም። ከኋላ «ተቀመጪ!» ያለ ነበር፣ የሳቀም ነበር፤ ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። የሚገርመው የዕለቱ ትምህርት ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 እና 29 መሆኑ ነው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም።

እንደሚታወቀው መብቱ ወረቀት ላይ ሲሰፍር አዲስ አይደለም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነጻነት «በሕግ መሠረት» እንደሚጠበቅ ይናገር ነበር። የ1980ውም በበኩሉ ጽፎታል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘመን ጽሑፍ ሳይታተም በፊት በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። ሳንሱር በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። እንግዲህ «በሕግ መሠረት» የምትለዋ ሐረግ መብቱን በአንድ እጅ ሰጥታ በሌላው ልትወስደው ትችላለች ማለት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህችን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክሯል። በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 6 መሠረት ሐሳብን የሚገድብ ሕግ ሊወጣ የሚችለው፣ ሐሳቡ በይዘቱና በሚያስከትለው አስተሳሰባዊ ውጤት አይገታም የሚለውን መርህ ጠብቆ ብቻ ነው። ወጣቶችን፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊኖር ይችላል፤ የጦርነት ቅስቀሳም ክልክል ነው። «አልወደድነውም» የሚል ምክንያት ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ሙከራው ግን በተግባር ተፈትኗል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ አንባቢው እንደ ማበረታታት ሊረዳው የሚችለውን ጽሑፍ ሳይቀር ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣ ነበር። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በዚሁ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. 18 ዓመት ተፈርዶበት በ2010 ተፈታ። አዋጁም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። ያለፉት ዓመታት ግን ማን ይመልሳቸዋል?

«ንግግር አገር ያፈርሳል እኮ!» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰውን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት ለጥቃት የሚያነሣሣ ቃል ሕግ ሊይዘው ይገባል፤ በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግር አዋጅ የወጣውም ለዚሁ ነው። በእኔ እምነት ግን ለጥቃት መቀስቀስና የማንስማማበትን ሐሳብ መናገር ለየቅል ናቸው። ሁለቱን ካቀላቀልን ነገ የእኛም ሐሳብ ለሌላው «አደገኛ» ይሆናል።

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሌላውን ዝም ማሰኘት አይከብደንም፣ ራሳችን ዝም ማለትም እንደዚያው። አንቀጽ 13 መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ የጣለው በመንግሥት አካላት ላይ ነው። እውነት ነው፣ ክፍል ውስጥ የሳቅነው እኛን ማንም አይከሰንም። ቢሆንም ነገ ዳኛ፣ መምህር፣ ጋዜጠኛና ባለሥልጣን የምንሆነው እኛው ነን። ዛሬ የጓደኛችንን አምስት ደቂቃ መታገሥ ያቃተን፣ ያን ጊዜ ሥልጣን ይዘን እንዴት እንታገሣለን?

ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በሐሳቧ አሁንም አልስማማም። በሚቀጥለው ክርክር ግን እስክትጨርስ እሰማታለሁ፤ ከዚያ እመልስላታለሁ።