ቤቱ ከተሸጠ በኋላስ?

ባለፈው ክረምት አንዲት የሠፈራችን እናት ወረቀት ይዘው ቤታችን መጡ። «አንተ ሕግ ትማር የለ? እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። የእህታቸው ልጅ ለንግድ ሲበደር ቤታቸውን አስይዘውለት ኖሯል። ልጁ መክፈል አቃተው፣ ባንኩም ቤቱን በሐራጅ ሸጠው። ወረቀቱ ቤቱን ለገዢው እንዲያስረክቡ የሚጠይቅ ነበር። «ልጄ፣ ይመለስልኛል?» ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ።

መልሱ በአብዛኛው «አይመለስም» ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪ የተያዘለትን ቤት የሚያሸጠው በፍርድ ቤት በኩል ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ባንኮችን ከዚህ ነፃ አወጣቸው፤ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ራሳቸው ይሸጣሉ፣ ስሙንም ለገዢው ያዛውራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 216፣ ደግሞ በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ከጠፋ ባንኩ ቤቱን በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ራሱ እንዲወስድ ይፈቅዳል።

ታዲያ ምንም አልቀረም ማለት ነው? አይደለም። ባንኩ ሲሸጥ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ደንቦች መከተል አለበት። ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ይክሳል፤ ይህ በራሱ በአዋጁ ተጽፏል። ከሽያጩ ዕዳው፣ ወለዱና ወጪው ተቀንሶ የሚተርፍ ገንዘብ ካለም የባለቤቱ ነው። ያገባ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ በር አለው። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ከተያዘ፣ ያልፈረመው ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ አለፈ።

ለእኚህ እናት ግን ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነበር፦ የፈረሙት ምን ብለው ነው? ቤታቸውን ብቻ አስይዘው ከሆነ፣ የቤቱ ዋጋ ዕዳውን ባይሸፍንም ባንኩ ቀሪውን ከእሳቸው ሊጠይቅ አይችልም። «ዋስ ነኝ» ብለውም ፈርመው ከሆነ ግን ይጠይቃል። በሰው ፊት ሁለቱም «ፈረምኩለት» ይባላሉ፤ በሕግ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እሳቸው የትኛው እንደሆነ አያውቁም፤ የውሉ ቅጂም የላቸውም።

ልጁን ከስሰው የቤታቸውን ዋጋ ማስመለስ እንደሚችሉም ነገርኳቸው። «የእህቴን ልጅ ፍርድ ቤት አቁሜ በየትኛው ዓይኔ ለቅሶ ቤት ልገባ?» አሉኝ። ይሄንን ክፍል ውስጥ አላስተማሩንም።

እንደ እኔ እምነት አዋጁ በጠቅላላው መጥፎ አይደለም። ባንክ የሚያበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው፤ ዕዳ ለማስመለስ ዓመታት ፍርድ ቤት ቢመላለስ ለነገ ተበዳሪ የሚተርፍ አይኖርም። ሽያጩ በእግድ ይቁም የምልም አይደለሁም። የሚያሳዝነኝ የካሣው መብት ወረቀት ላይ የቀረ መሆኑ ነው። ሐራጁ በደንቡ አለመመራቱን የሚያስረዳው ሰነድ ያለው ባንኩ እጅ ነው። ቤቱን ያጣ ሰው ጠበቃ የሚቆምበት ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ሁለት ነገር በግዴታ ቢደነገግ እላለሁ። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያው ለተበዳሪው ብቻ ሳይሆን ቤቱን ላስያዘው ሰው በእጁ ይድረስ፣ ዋስ መሆን አለመሆኑንም ግልጽ ባለ አማርኛ ይንገረው። ሁለተኛ፣ ከሽያጩ በኋላ ባንኩ ሳይለመን የሐራጁን ቃለ ጉባኤና የሒሳቡን ዝርዝር ይስጥ። ለባንክ ይሄ ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው።

እሳቸው አሁን አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩላቸው፤ የውሉን ቅጂ፣ ቃለ ጉባኤውንና የሒሳብ መግለጫውን ጠይቀናል። ሦስት ጊዜ ሄደን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለናል። ማክሰኞ እንደገና እንሄዳለን።