ዕዳው ሥራን ይከተል እንጂ አይቅደም



ስለ ትምህርት ወጪ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው፣ ትምህርት መብት ስለሆነ አንዲት ሳንቲም መክፈል አይገባንም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የተማረ ሁሉ ይክፈል፤ ያልከፈለም ወረቀቱ ይያዝበት ይላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከሁለቱም ይለያል። መክፈል ይገባናል፤ ነገር ግን ዕዳው ሥራን መከተል እንጂ መቅደም የለበትም።

መክፈል የሚገባን ስለ ምንድን ነው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ተማሪው ትምህርቱን፣ ምግቡንና መኝታውን በነፃ ያገኝ ነበር። ወጪውን የቻለው መንግሥት ነው ቢባልም የመንግሥት ገንዘብ ከሕዝብ የሚወጣ ነው፤ ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት ለማድረስ ያልቻለው ገበሬም ግብሩን ይከፍላል። እርሱ በከፈለው ተምረን የተሻለ ደመወዝ የምናገኝ እኛ ከፊሉን ብንመልስ ፍርድ እንጂ ግፍ አይደለም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 በዚሁ አሳብ ላይ የቆመ ነበር። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን እንዲጋራ፣ ሥራ ከያዘም በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ደነገገ። መምህር ለመሆን የሚሠለጥኑትም ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲወጡ ፈቀደ። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ክፍያ፤ ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው።

በተግባር ግን ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ተመራቂው ዕዳውን እስኪያጠናቅቅ ድረስ ዋናው ዲግሪ ይያዝበታል። ቀጣሪው በበኩሉ ዋናውን ማስረጃ አምጣ ይለዋል። እንግዲህ ልጁ ሥራ ለመያዝ ወረቀት፣ ወረቀቱን ለማውጣት ገንዘብ፣ ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ሥራ ያሻዋል። የባለጸጋው ልጅ በአንድ ቀን ከፍሎ ይወጣል፤ የድኻው ልጅ በዚሁ አዙሪት ይከርማል። ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሸክሙም ከእንግዲህ የሚከብድ እንጂ የሚቀል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ22 ብር ቀኑን ሙሉ መመገብ የማይቻል ስለሆነ ጭማሪው ተገቢ ነው። ሆኖም ገንዘቡ እንደ 1995ቱ ደንብ በሙሉ ዕዳ ሆኖ ቢታሰብ፣ በዓመት 300 ቀን ለሚመገብ ተማሪ 30,000 ብር፣ በ4 ዓመት 120,000 ብር ይሆናል። በወር 10,000 ብር የተቀጠረ ተመራቂ 1,000 ብር እየከፈለ የምግቡን ዕዳ ብቻ ለመጨረስ 10 ዓመት ይፈጅበታል። ይህን የሚያህል ዕዳ በአንድ ጊዜ ክፈልና ዲግሪህን ውሰድ ማለት ዲግሪውን መከልከል ነው። በልደታው ግቢ የሕንፃ ሥራ የምንማር ሁሉ፣ ግንባታ በቀዘቀዘ ዓመት መመረቅ ምን ማለት እንደ ሆነ አናጣውም።

ወረቀቱ ካልተያዘ ማን ይከፍላል? የሚል ጥያቄ እንደሚቀርብ አያጠራጥርም። የደመወዝ ግብር በየወሩ በአሠሪው እጅ እየተቆረጠ ይገባል፤ ለዚህ ሲባል የማንም ዲግሪ አይያዝም። የትምህርት ዕዳም በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተመዝግቦ በዚያው መንገድ ሊሰበሰብ ይችላል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የተማሪዎቿን ዕዳ በግብር መሥሪያ ቤቷ በኩል ትሰበስባለች፤ ገቢው ከተወሰነው ወለል በታች የሆነውን ግን እስኪሻለው አትጠይቀውም።

ሥራ ላላገኘውም ቢሆን መንገድ አለ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኞቹም በማስተማር፣ ያገለግሉ ነበር። ዛሬም ፈቃደኛ የሆነ ተመራቂ በወረዳ ትምህርት ቤት ቢያስተምር ወይም የጤና ጣቢያ ግንባታ ቢቆጣጠር፣ የድካሙ ዋጋ ከዕዳው ሊቀነስለት ይገባል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ዲግሪ የዕዳ መያዣ አይሁን። ለኑሮ የማይበቃ ደመወዝ አይነካ። መክፈል ያቃተው በአገልግሎት ይክፈል። መምህራኖቻችንም በዚህ ጉዳይ ድምፃቸውን እንዲያሰሙልን እንለምናለን። ዕዳችንን አንክድም፤ የምንከፍልበትን እጅ ግን አትሰሩብን።