የቡና አገር ልጅ ምን ይጠጣል?

ስለ ቡና ሥርዓታችን ያልተባለ ነገር የለም። ቄጤማው፣ ዕጣኑ፣ ረከቦቱ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምንደረድረው ይህንኑ ነው። እኔ ግን አንባቢ ካልተቆጣኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጀበናው ውስጥ ያለው ቡና ምን ዓይነት ነው?

የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሳሪስ አካባቢ ነው። ከዚህ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው አቅጣጫ ወደ ውጭ የሚላክ ቡና የሚበጠርባቸውና የሚለቀምባቸው መጋዘኖች አሉ። ጎረቤቴ ከእነዚህ በአንዱ ቡና ለቃሚ ናት። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን ፍሬ እየለየች ስትጥል ትውላለች። የጸዳው በጆንያ ሆኖ ወደ ጅቡቲ ይጫናል። የተጣለውስ? እሱማ ወደ እኛ ገበያ ይመጣል። እሑድ ቡና ልታፈላልን ሰፌዷን ይዛ ስትቀመጥ፣ «እንደ ሥራ ቦታዬ ልልቀም ብል ጀበናው ባዶውን ይቀራል» ብላ ትስቃለች። እኛም አብረን እንስቃለን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602 ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ አስተሳሰቡ ግን ከነሥሩ አለ፤ ጥሩው ለዶላር፣ ግርዱ ለእኛ። ምክንያቱ አይጠፋኝም። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ቢሆንም ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ቡናችን ከእኛ የበለጠ ታማኝ ደንበኛ የለውም፤ ለዚህ ታማኝ ደንበኛ የሚቀርብለት ግን ግርዱ ነው። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች የእኛ ናቸው ብለን ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ተሟግተን በ1999 ዓ.ም. ተስማማን። ስሙን አስከበርን፤ ጣዕሙንስ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ጥፋቱ የመንግሥትና የነጋዴ ብቻ ነው ብዬ ግን አልሸነግላችሁም። ፍሬው መጥፎ መሆኑን ስለምናውቅ ከሰል እስኪመስል እናሳርረዋለን፤ ምሬቱን በስኳር፣ ሽታውን በዕጣን እንሸፍነዋለን። ሲብስም የተፈጨውን እንገዛለን፤ ገብስ ይቀላቀልበት ባቄላ ማን አየ? ሦስት ሲኒ ለመጠጣት ሁለት ሰዓት ማጥፋት ሥራ ፈትነት ነው የሚሉን አዋቂዎችም አሉ። እኔ ግን ጊዜው በዛ አልልም። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ለፍሬው የምንሰጠው አነሰ እንጂ።

እኛ ቤት ልማዱን ለውጠናል። የምንገዛው ጥሬውን ነው፤ ከብዛቱ ቀንሰን ጥራቱን እንመርጣለን። ጎረቤቴ ሳትሳሳ ትለቅማለች። የምቆላው እኔ ነኝ፤ ወንድ መሆኔ ጥቂት ሲያስቅ ሰንብቶ ተረስቷል። ሲንጣጣ ቆይቶ ቡናማ መልክ እንደያዘ፣ ሳይጠቁር አወርደዋለሁ። ወዲያው ተወቅጦ ጀበና ይገባል። የመጀመሪያው ዕለት ጎረቤቴ አቦሉን ያለ ስኳር ቀመሰችና ዝም አለች። ቆይታም፣ «ስንት ዓመት ስለቅመው ጣዕሙ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች።

አንባቢ ሆይ! ይህን ሰምቶ የማያፍር ካለ የከሰለውን ቡናውን ይጠጣ። የሚያፍር ግን ሲገዛ ይጠይቅ፤ ከየት የመጣ ነው? የዘንድሮ ነው የአምና? እፍኝ አንስቶ ይመልከት፤ ካልጣመው ይመልስ። ረከቦቱ ለእንግዳ ማስደነቂያ ብቻ የተሠራ አይደለም። ፊት ለፊቱ የምንቀመጠው እኛ ነን፤ በሲኒው ጥሩ ቡና ማግኘትም ይገባናል።