ዶሮዋን ሰጣችሁን፤ ጭዱስ?

ዛሬ ስለ ምርጫ ልንጽፍ ነው። ቆይ፣ አትደንግጡ! የፓርቲ ምርጫ አይደለም። የጓሮ ዶሮ እንቁላሏን በምትጥልበት ሣጥን ውስጥ ምን ይጎዝጎዝ የሚለው ምርጫ ነው። «ጋዜጠኝነት ተምራችሁ መጨረሻችሁ የዶሮ አልጋ ሆነ?» የምትሉን ካላችሁ ሳቃችሁን ጨርሱና ተመለሱ፤ እንጠብቃችኋለን። ጉዳዩ የእናቶቻችን ኪስ ስለሆነ የሚያስቀው መግቢያው ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። ክረምት ላይ አንዲት ጎረቤታችን ቡና ጠርተውን ሄድን። ጓሯቸው ውስጥ ስድስት «የውጭ» የሚባሉ ዶሮዎች አሏቸው። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ወጣ ብለው እንቁላል በሰፌድ ይዘው ገቡ። ዘጠኝ ነበር። ሦስቱ ኩስ ተለድፎባቸዋል፤ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ከዘጠኙ ለገበያ የሚሆነው አራት ብቻ!

«እትዬ፣ ምን ላይ ነው የሚጥሉት?» አልናቸው።

«ምን ላይ ይጣሉ ልጆቼ? የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍኩላቸው። ዶሮዎቹን የሰጡኝ ሰዎች ስለ መኖና ስለ ክትባት ነገሩኝ እንጂ ስለዚህ ያነሳ የለም። የፈረንጅ ዶሮ የፈረንጅ ነገር ትፈልግ ይሆናል ብዬ ነው።»

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችን። የሰጧቸው እነማን እንደሆኑ ስማቸው ይቆየን። ዋናው ነገር ሌላ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው አገራዊ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ የማከፋፈል ዜና ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ሐሳቡን አንቃወምም፤ እንቁላል የሚጠላ ሰው የለም። ግን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ዜናው ሁልጊዜ የሚቆጥረው የተሠራጨውን ጫጩት ነው። ስንት እንቁላል ሳይሰነጠቅና ሳይቆሽሽ ከጓሮ ወደ ቤት ገባ ብሎ የሚቆጥር ዜና እኛ ሰምተን አናውቅም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይህ አይደል?

እስኪ ከእንቁላሉ እንጀምር። እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ የሰውነቷን ሙቀት ይዞ ነው፤ 41 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ላዩም እርጥብ ነው። ቅርፊቱ ድፍን ይመስላል እንጂ ለዓይን የማይታዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። እነዚህን ቀዳዳዎች የሚደፍን ስስ ልባስ ከእንቁላሉ ጋር ይወጣና ወዲያው ይደርቃል። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጡ ይኮማተርና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያች ሰዓት ያረፈው እርጥብ ኩስ ላይ ከሆነ ከአየሩ ጋር ጀርሙንም ይስባል። «ታዲያ ቢታጠብስ?» ትሉ ይሆናል። መታጠቡ ያንን መከላከያ ልባስ ይገፈዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከሆነ ደግሞ እድፉን ይበልጥ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ የእንቁላል ንጽሕና የሚወሰነው ማጠቢያ ሳህን ላይ ሳይሆን ጎጆው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ዕጩዎቻችን ስድስት ናቸው።

ከጎረቤታችን የማዳበሪያ ከረጢት እንጀምር። ከረጢቱ ውኃ አይመጥም፤ ያንሸራትታል። አንዱ እንቁላል ተንከባሎ ከሌላው ጋር ይጋጫል። ስንጥቁ የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ጋዜጣና ካርቶን ነው። እዚህ ላይ ለሙያችን ስንል ብንከራከር ደስ ባለን፤ ግን እውነቱን እንናገር። ጋዜጣ ወዲያው ይርሳል፣ ይጨማደዳል፣ እንቁላሉ ላይ ይጣበቃል። ዶሮዋም አታነበውም!

ሦስተኛው ሰጋቱራ ነው። ደብረ ታቦር ባህር ዛፍም አናጢም የሚያንሳት ከተማ አይደለችም። በመላጊያ የተላገው ጥቅልል ያለው ሰጋቱራ ጥሩ ነው፤ እርጥበት ይመጥጣል፣ ይለሰልሳል። በመጋዝ የወጣው ዱቄት መሰሉ ግን አቧራው ዓይኗና ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ከቺፑድና ከኤምዲኤፍ የወጣው ደግሞ ማጣበቂያ ያለበት ስለሆነ እንዳትነኩት። ከአናጢው ቤት ስታመጡ «ከምን እንጨት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛው የሩዝ ገለባ ነው። ከደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላችሁ ወረታ ስትደርሱ የፎገራን ሩዝ የሚፈለፍሉ ወፍጮ ቤቶች ታገኛላችሁ። ከዚያ የሚወጣው ገለባ ቀላልና ደረቅ ነው፤ ለዶሮ ቤቱ ወለል ይሆናል። ለመጣያ ሣጥን ግን እንደ አሸዋ ይፈስሳል። ዶሮዋ በእግሯ ስትጭር ሣጥኑ ባዶ ይቀራል፤ እንቁላሉም ጣውላው ላይ ያርፋል።

አምስተኛው ድርቆሽ ነው። ለስላሳ ነው፣ ዶሮዋም ትወደዋለች። ችግሩ ትንሽ እርጥበት ካገኘ መሻገቱ ነው። የሻገተ ጉዝጓዝ ብናኝ የጫጩትን ሳንባ እንደሚያሳምም የእንስሳት ሐኪሞች ያውቁታል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ የጉና ጭጋግ የሚወርድባት ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ሸሚዝ እንኳ በቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ድርቆሽ ከየት ይድረቅ?

ስድስተኛው ጭድ ነው፤ የእኛም ድምፅ ለእሱ ነው። ከጭድም የጤፍ ጭድ። ቀጭን ነው፣ ይተጣጠፋል፣ በቶሎ አይሰባበርም። ዶሮዋ ተቀምጣ ስትዞርበት መሃሉ ጎድጎድ ብሎ የሳህን ቅርጽ ይይዛል፤ እንቁላሉም ወደ መሃል ተሰብስቦ ይቀመጣል። ጤፍ በማይበቅልበት ደጋ የስንዴ ጭድ ይተካዋል። የገብስ ከሆነ ግን የሚዋጋውን ጢሙን ማራገፍ ነው።

መጠኑስ? ከአራት ጣት ያላነሰ ውፍረት። ሣጥኑ ወርዱም ቁመቱም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል። ጭዱ እንዳይፈስ ከፊት ለፊት ዝቅ ያለ መከለያ ይምታ። ጨለም ያለ ጥግ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ከቆጥ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከቆጡ በላይ ከሆነ ሌሊት ገብተው ያድሩበትና ጭዱን በኩስ ይሞሉታል። ከጭዱ ሥር ስስ የደረቀ አመድ መነስነስ ደግሞ ቅንቅንን ለመቀነስ አያቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው። የረጠበውን በየቀኑ ማንሳት፣ ሙሉውን በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት መቀየር። አለቀ!

የጭዱን ነገር ያነሳነው ለእንቁላሉ ብቻ ብለን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሂዩዝ፣ ዳንከንና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ዶሮ የምትፈልገው የተሠራ ጎጆ ነው ወይስ መሥራቱን? ተስተካክሎ የቆየ ጎጆ ሲሰጣትም ዶሮዋ ዞር ዞር እያለች፣ በእግሯ እየጫረች ሥራዋን ቀጠለች። መሥራቱ ራሱ ፍላጎቷ ነው ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ባዶውን የሽቦ ሳጥን ከልክሎ፣ በሳጥን ውስጥ የምትኖር ዶሮም መጣያ ጎጆ፣ ጉዝጓዝና ቆጥ እንዲኖራት በሕግ አዝዟል። «የፈረንጅ ነገር» ፈለጉ ላሉት ጎረቤታችን መልሱ ይኸውላችሁ፤ ፈረንጁ ራሱ ተመልሶ የመጣው ወደ ጎጆውና ወደ ጉዝጓዙ ነው።

አሁን ደግሞ ልንሸሸው የማንችለው ጥያቄ አለ። እትዬ ራሳቸው ጠይቀውናል፤ «ጭዱን ለላሟ ላብላ ወይስ ለዶሮ ላንጥፍ?» ከተማ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ጭድ ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ የጭቃ ቤት መምረጊያ ነው፤ በክረምት ደግሞ ዋጋው የሚሰማ ዕቃ ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ውጊያ የተነሳ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከሩቅ የሚመጣ ነገር ሁሉ ሲወደድ አይተናል። ስለዚህ «ጭድ ተጠቀሙ» ብሎ መምከር ብቻ ቀልድ ነው።

የእኛ መልስ እንዲህ ነው። አንድ ሣጥን የሚፈልገው ጥቂት እፍኝ ነው፤ ላሟ በአንድ ጊዜ ከምትበላው ያንሳል። ዋናው ጊዜው ነው። እህል በሚወቃበት ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጭድ በሞላበት ሰዓት አንድ ጆንያ ለዶሮዎቹ ብሎ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ክረምቱን ያሻግራል። ሲቆሽሽም አይጠፋም፤ በስብሶ የድንችና የጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ኩስ የነካውን ለላሟ መልሶ መስጠት ግን በሽታ ያመጣልና አይደረግም።

ሒሳቡንም እንየው። የሀገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች ይባላል። ከ50ው አምስቱ ቢሰበርባት ከአሥር አንዱ ሄደ ማለት ነው። የእንቁላል ገንዘብ ደግሞ በእኛ አገር የእናት ገንዘብ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተርና እስክሪብቶ የተገዛልን ከእሱ ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን የምንጽፈው እኛን ጨምሮ!

የጾሙንም ነገር አትርሱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ዶሮ ግን አትጾምም። ገዢ በሌለበት ወቅት እንቁላል ይጠራቀማል። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ የተነሳው እንቁላል ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ፣ እህል መሃል ተቀብሮ ለሳምንታት ይቆያል። የጾሙ መጨረሻ ሳምንታት እንቁላልም ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል። የቆሸሸው ግን ሳይደርስ ይገማል። በጥር የተቀመጠ አንድ ጆንያ ጭድ በፋሲካ ዋዜማ ዋጋው ይታወቃል።

እንግዲህ ዶሮ የሚያከፋፍል አካል ሁሉ ከጫጩቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ እንላለን፤ «እናታችን፣ ምን ላይ ነው የምትጥለው? እስኪ ያሳዩን።» ይህ በጀት አይጠይቅም፣ አውደ ጥናትም አያስፈልገውም። የሚጠይቀው ጓሮ ድረስ መግባት ነው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ የተሠራባት አገር አንድ የዶሮ ሣጥን አይከብዳትም።

ከአንድ ወር በኋላ እትዬ ቤት ተመለስን። ከረጢቱ የለም። በቦታው አፉ የተሰበረ አሮጌ ጋን ጥጉ ላይ ተጋድሞ፣ ሆዱ በጤፍ ጭድ ተሞልቷል። አንዷ ዶሮ ውስጡ ተቀምጣ በዓይኗ ገላመጠችን። እትዬ ሳቁ።

«እናቴ ታደርገው የነበረውን እኮ ነው የነገራችሁኝ! የማውቀውን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ያውቁታል። ከእጃቸው ያስጣላቸው «ዘመናዊ» የሚለው ቃል ነበር። ዶሮ ስንሰጥ የእናቶቻችንን እውቀት አብረን ከወሰድንባቸው፣ የሰጠናቸው ምኑን ነው?

ቸር እንሰንብት!