ቱክሲዶ በአምበር ዳስ

የወንድምዎ ሚዜ ሆነው አምበር ሊሄዱ ነው እንበል፤ ቱክሲዶ ሊከራዩም አስበዋል። ሠርጉ የምሳ ከሆነ ይተዉት። ስሙን ኒውዮርክ ግዛት ካለው ቱክሲዶ ፓርክ ያገኘው ይህ ኮት የማታ ልብስ ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከነጭ ሸሚዝና ከጥቁር ፓፒዮን ጋር ይለበሳል። አከራዩ ይህን አይነግርዎትም (እኔም የገበያ ሰው ነኝና አልፈርድበትም)። ለቀን ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ይበቃል፤ በኪራዩ ገንዘብ እጅጌውን በልክዎ ያሳጥሩት።

ዳስ ውስጥ ለሽማግሌ ሲነሡ የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ይቆልፉ፣ ሲቀመጡ ይፍቱት፤ የታችኛው አይቆለፍም። አባትዎ በኩታቸው የሚያደገድጉትን እርስዎ በዚህች ቁልፍ ያደርጉታል። ማታ ሆቴል ውስጥ ግብዣ ካለ፣ ያኔ ቱክሲዶው ይምጣ።