ሁለተኛ ወጥታ ያሸነፈችው

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2007 በኒውዮርክ ማራቶን ጌጤ ዋሚ ሁለተኛ ወጣች። የተቀደመችው በ23 ሰከንድ ነው። ዜናውን እዚያ ላይ የዘጋ ሰው አልዋሸም፤ ዋናውን ነገር ግን ዘሎታል። የዚያን ቀን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያሸነፈችው ቀድማ የገባችው ፓውላ ራድክሊፍ ሳትሆን ጌጤ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2006 ጀምሮ የቦስተን፣ የለንደን፣ የበርሊን፣ የቺካጎና የኒውዮርክ ማራቶኖች በአንድ የነጥብ ሰንጠረዥ ተሳሰሩ። አንደኛ 25፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 10፣ አራተኛ 5፣ አምስተኛ 1። ስድስተኛ የወጣ ባዶ እጁን ይሄድ ነበር። ያኔ የሁለት ዓመት ውጤት ይደመር ነበር፤ የሚቆጠረው ግን ቢበዛ የአራት ውድድር ነበር። በመጨረሻ ከሴቶች አንዷ፣ ከወንዶች አንዱ 500 ሺህ ዶላር ይወስዱ ነበር። በድምሩ ሁለተኛ ለሆነውስ? ጭብጨባ።

ሰዓት ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ሜዳ የሆነው የበርሊን ጎዳናም ሆነ ድልድይና ዳገት የበዛበት ኒውዮርክ ለአሸናፊው የሚሰጡት ያው 25 ነው።

ጌጤ በርሊንን በ2006 አሸነፈች፣ በ2007 ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጣች፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2007 በርሊንን ደገመችው። 65 ነጥብ። ላትቪያዊቷ ዬሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ይዛ ኒውዮርክን ትጠብቃለች። እንግዲህ ጌጤ ምን ታድርግ? ቤቷ ተቀምጣ ትጸልይ ወይስ በ35 ቀን ውስጥ ሌላ 42 ኪሎ ሜትር ትሩጥ? ታላላቆቹ የማራቶን ሯጮች በዓመት ሁለት ጊዜ ከሮጡ በቂያቸው ነው የሚባለው ለቅንጦት አይደለም፤ ሰውነት የሚያገግመው በወራት ነው።

ሮጠች። ዬሌና ሦስተኛ ወጣች። ጌጤ ባትኖር ኖሮ ሁለተኛ ትሆን ነበር፤ 55 ላይ 15 ሲጨመር 70፣ ገንዘቡም የላትቪያ። በሰንጠረዡ ቋንቋ ጌጤ ማድረግ የነበረባት ዬሌናን መቅደም ብቻ ነው። እሷ ግን ገንዘቡ በእጇ የገባ ያህል በሆነበት ሰዓት፣ መጨረሻው ላይ ራድክሊፍን ለመቅደም ፍጥነት ጨመረች! አልሆነላትም። እኛ ግን ከዚያ ውድድር ሁሉ የምንወደው ይህንኑ ነው፤ ነጥብ ያላዘዘው እሱ ብቻ ነበርና።

ሰንጠረዡ ሁልጊዜ ለእኛ አላደላም። በ2010 ቺካጎ ላይ ጸጋዬ ከበደና ኬንያዊው ሳሚ ዋንጂሩ እኩል 50 ነጥብ ይዘው ቀረቡ። እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ተናነቁ፤ ዋንጂሩ በ19 ሰከንድ ቀደመ። የሁለት ዓመት ድካም በ19 ሰከንድ ተዘጋ፤ ግማሽ ሚሊዮኑ ለአንዱ፣ ምንም ለሌላው። (ጸጋዬ ከሦስት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ላይ ሁለተኛ ወጥቶ ሽልማቱን ወስዷል፤ ኒውዮርክ ላይ ሁለተኛ መውጣት ለእኛ ሰው ሳይበጅ አልቀረም።)

«ታዲያ ምን ችግር አለው? የገዛ እግሯ ነው፣ ማንም አላስገደዳትም» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ጌጤ የዓለም ሻምፒዮን የነበረች ባለሙያ ናት፤ ሒሳቧን ታውቃለች። ግን ሒሳቡን ያወጣው ማን ነው? በአምስት ሳምንት ልዩነት የተሮጡ ሁለት ማራቶኖች ሁለቱም ይቆጠራሉ፣ ገንዘቡም ለአንድ ሰው ብቻ ነው ካላችሁ፣ «ሩጪ» ብላችኋታል። የነጥቡ መጠን በኋላ 25፣ 16፣ 9፣ 4፣ 1 ሆኖ ተስተካክሏል። እኛን ያሳሰበን ግን የነጥቡ መጠን ሳይሆን በስንት ቀን ልዩነት እንደሚሰበሰብ ነው።

የእኛ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ከሚያዝያዎቹ ቦስተንና ለንደን አንዱ ይቆጠር፣ ከበርሊን፣ ቺካጎና ኒውዮርክም አንዱ። በዚህ ሕግ ግን ጌጤ በ65 ትቀራለች፣ ዬሌና በ70 ታሸንፋለች። አስልተነዋል። ይህን እያወቅንም ሕጉ እንዲያ ቢሆን ይሻል ነበር እንላለን፤ ጌጤ ብትሰማን ምን እንደምትለን መገመት ግን አያቅተንም።