ላፕቶፑን አትሽጥ!

ዛሬ በቀጥታ ወደ አንድ ወጣት ደብዳቤ ልውሰዳችሁ፡፡ ስሙን እንዳልጠቅስ አደራ ብሎኛል፡፡

«ዕድሜዬ 24 ነው፡፡ በሶፍትዌር ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፡፡ የትም ብሄድ መልሱ ‹የሥራ ልምድ አምጣ› ነው፡፡ ጓደኛዬ ‹ኦፕን ሶርስ ሞክር› ብሎኝ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ የሠራሁትን ኮድ ላክሁ፡፡ አንዱ ፈረንጅ ጉድለቱን ከላይ እስከ ታች ዘርዝሮ መለሰልኝ፡፡ በጣም አፈርኩ፡፡ ጉሊት የምትቸረችረው እናቴ ዕቁብ ወጥቶላት የገዛችልኝን ላፕቶፕ ሸጬ በደላላ ዐረብ አገር ልሄድ ነው፡፡ ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ላፕቶፑን ወደ ቦርሳው መልሰው፡፡ ከዚያ እንነጋገር፡፡

ነገሩ ላልገባችሁ፣ ኦፕን ሶርስ ማለት የሶፍትዌሩ ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ፣ የፈለገ የሚያነበው፣ ስህተት ያገኘ አርሞ የሚልክበት አሠራር ነው፡፡ የተላከው ግን ዝም ብሎ አይገባም፡፡ የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች መርምረው፣ «ይኼን አስተካክል» ብለው መልሰው፣ ሲያምኑበት ነው የሚቀበሉት፡፡ አየህ፣ አንተን ያሳፈረህ ነገር የዘወትር ሥራቸው ነው! የብዙ ዓመት ባለሙያም ኮዱ ይመለስበታል፡፡

በእርግጥ አፈ ሻካራም አይጠፋም፡፡ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ21 ዓመቱ ሊኑክስን ጀመረ፡፡ ዛሬ የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ልቡ ሊኑክስ ነው፡፡ ታዲያ ይኸው ሰው የሌሎችን ኮድ ሲመልስ በቁጣው የታወቀ ነበር፡፡ በ2018 በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል ብሏል፡፡ ስለዚህ ስድብን ከእርማት ለይ፡፡ ከሰደቡህ ሌላ ፕሮጀክት ፈልግ፡፡ ካረሙህ ግን በነፃ አስተማሪ አገኘህ ማለት ነው፡፡ አንተ የጻፍክልኝ እርማት እንጂ ስድብ አይመስለኝም፡፡ ለመሆኑ አስተካክለህ መልሰህ ልከሃል?

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ የሙያውን ሰዎች ጠይቄ ያገኘሁትን ላካፍልህ፡፡ አንደኛ፣ አንተው ራስህ የምትጠቀምበትን ሶፍትዌር ምረጥ፡፡ ሁለተኛ፣ በትንሹ ጀምር፡፡ የተሳሳተ መመሪያ ማረምም አስተዋጽኦ ነው፡፡ እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉትን ወደ አማርኛ መተርጎምም እንዲሁ፤ በዚህ ደግሞ ፈረንጁ አይቀድምህም! ሦስተኛ፣ ሳምንት ሙሉ ከመልፋትህ በፊት «ይህን ልሥራ ወይ?» ብለህ ጠይቅ፡፡ አራተኛ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ አትዝለል፤ አንድ ቦታ ስትቆይ ነው ሰው የሚያውቅህ፡፡ የኔት ነገር ካስቸገረህም፣ ጊት በሚባለው መሣሪያ ኮዱን አንዴ ካወረድክ ያለ ኢንተርኔት ሠርተህ መስመር ሲመጣ መላክ ትችላለህ፡፡

ጥቅሙስ? የሠራኸው ሁሉ በስምህና በቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል፡፡ «ልምድህ የታለ?» ሲሉህ ከፍተህ ታሳያለህ፡፡ ጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ የሚባልም ፕሮግራም አለ፡፡ በ2005 ለተማሪዎች ተጀምሮ፣ ከ2022 ወዲህ 18 ዓመት ለሞላቸው ሌሎች ጀማሪዎችም ተከፍቷል፡፡ የተመረጠ በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት እየሠራ አበል ያገኛል፡፡ ቀደም ብሎ ከፕሮጀክቱ ሰዎች ጋር የተዋወቀ ደግሞ ማመልከቻውን አውቆ ይጽፋል፡፡

አልዋሽህም፣ ነገ እንጀራ አይሆንም፡፡ አብዛኛው ሥራ ክፍያ የለውም፤ ቅጥርም ዋስትና የለውም፡፡ ስለዚህ ቀን ቀን ያገኘኸውን ሥራ፣ ኮምፒውተር ጥገናም ይሁን ጽሕፈት፣ እየሠራህ እናትህን አግዝ፡፡ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ለኮዱ ስጥ፡፡ ለደላላው የምትሰጠው ብር ግን ከሄደ አይመለስም፤ ላፕቶፑም እንደዚያው፡፡

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ዛሬ ማታ ያን የተመለሰልህን ኮድ ክፈትና ከመጀመሪያው እርማት ጀምር፡፡ ሲቀበሉህ ጻፍልኝ፤ ግን ከእኔ በፊት ለእናትህ ንገራት፡፡

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!